ለኤዲቲንግና ለመጠነኛ ጌም ትልቅ ላፕቶፕ ሲገዙ፦ ኋላ የማይቀየረውን አስቀድሞ መምረጥ

በቴሌግራም የሚለቀቅ የላፕቶፕ ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገር ይነግርዎታል፤ ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ። ከአራቱ ውስጥ ራሙንና ኤስኤስዲውን በብዙ ማሽኖች ላይ ኋላ መለወጥ ይቻላል። ከማይለወጡት ነገሮች ዋና ዋናዎቹ ግን ማስታወቂያው ላይ የሉም። ስክሪኑ ምን ያህል ቀለም ያሳያል? ግራፊክስ ካርዱ ስንት ዋት ይደርሰዋል? ፋኑ ሙቀቱን ችሎ ያስወጣል ወይ? የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር፣ ፎቶ ለሚያርም፣ ባነርና ማሸጊያ ለሚነድፍ፣ ማታ ደግሞ ከጓደኛው ጋር ኳስ ጌም ለሚጫወት ሰው ገንዘቡ ቦታው ላይ መዋሉ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

ስለዚህ እዚህ የምንሄድበት ቅደም ተከተል ከማስታወቂያው የተገላቢጦሽ ነው። የማይቀየረውን ቀድመን እንመርጣለን፤ ሊጨመር የሚችለውን ወደ ኋላ እንገፋለን። በጀታቸው ጠባብ ለሆነባቸው ሰዎች ደግሞ ይህ ይበልጥ ይሠራል። 16 ጂቢ ራምና ጥሩ ስክሪን ያለው ማሽን፣ 32 ጂቢ ራምና ደብዛዛ ስክሪን ካለው ይሻላል። ራሙን በሚቀጥለው ሥራ ክፍያ ይጨምሩታል፤ ስክሪኑን ግን እስከ መጨረሻው ያዩታል።

1. መጀመሪያ የራስዎን ፋይሎች ይክፈቱ

ሱቅ ከመሄድዎ በፊት በቅርብ የሠሩባቸውን ፋይሎች ይመልከቱ። ቪዲዮ ከሆነ በየትኛው ካሜራ፣ በምን ጥራትና በምን ኮዴክ እንደተቀረጸ ይጻፉ። ይህ ተራ ማስታወሻ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

ምሳሌ ልስጥ። ሶኒ ኤ7 ማርክ 4 በ4ኬ፣ በ10 ቢት፣ በ4፡2፡2 እና በኤች 265 መቅረጽ ይችላል። ፋይሉ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው፤ ለመፍታት ግን ከባድ ነው። ማሽኑ ውስጥ ይህን ዓይነት ፋይል ለመፍታት ተብሎ የተሠራ ክፍል ከሌለ፣ ካርዱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ታይምላይኑ ላይ ምስሉ ይቆራረጣል። ኢንቴል ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ይፈታዋል። የአፕል ኤም ቺፖችም ይፈቱታል። ከኤንቪዲያ ካርዶች ግን ይህን የጀመረው በ2025 የወጣው ባለ 50ው ተከታታይ ነው፤ ባለ 30ውና ባለ 40ው አይችሉም። ስለዚህ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰር ከአርቲኤክስ 4060 ጋር የተጣመረበት ማሽን ለጌም ጥሩ ሆኖ ሳለ ለዚህ ዓይነት ፉቴጅ ያስቸግራል። ፕሮክሲ፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ፣ ሠርቶ ማለፍ ይቻላል። ግን ቅዳሜ ሁለት ሰርግ ቀርጾ ሰኞ ማስረከብ ያለበት ሰው ፕሮክሲ እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ሰዓት ከየት ያመጣል? በስልክ ወይም በ8 ቢት 4፡2፡0 የሚቀርጹ ከሆነ ይህን አንቀጽ ይርሱት፤ ያን ሁሉም አዳዲስ ማሽኖች ይፈቱታል።

ፎቶ ከሆነ ሥራዎ፣ ስክሪንና ራም ይቀድማሉ። ካርዱ የሚሠራው በተወሰኑ ቦታዎች ነው፤ ለምሳሌ ላይትሩም ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበትን የምሽት ፎቶ የሚያጠራበት የዲኖይዝ መሣሪያ ካርዱን አጥብቆ ይጠቀማል። ግራፊክ ዲዛይን ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ኢሉስትሬተር፣ ፎቶሾፕ፣ ኮረል ድሮው፣ መካከለኛ ካርድ ይበቃዎታል፤ የተረፈውን ስክሪን ላይ ያውሉት። ብሌንደር ወይም ሉሚዮን የሚጠቀም ንድፍ ሠሪ ግን ሌላ ሰው ነው፤ ለእሱ የካርዱ ሜሞሪ ከሁሉም ይቀድማል።

2. መጠኑን በኢንች ቁጥር ብቻ አይምረጡ

ትልቅ ላፕቶፕ ሲባል ገበያ ላይ በብዛት ያሉት ሦስት ናቸው፤ 16፣ 17.3 እና 18 ኢንች። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ያታልላል። ባለ 16 ኢንቹ አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹ 16 ለ 10 ነው፤ ወርዱ 34.5 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 21.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የቆየው 17.3 ኢንች ደግሞ 16 ለ 9 ነው፤ ወርዱ 38.3 ሲሆን ቁመቱ ያው 21.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሌላ አነጋገር ከ16 ወደ 17.3 ሲወጡ የሚያገኙት ወደ ጎን አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ስፋት ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ምንም አይጨምርም። ለሰነድና ለፎቶ ቁመት ስለሚበልጥ፣ እኔ 17.3ን የምመክረው በርካሽ ሲገኝና ረጅም ታይምላይን ለሚዘረጋ ሰው ብቻ ነው። ባለ 18 ኢንቹ 16 ለ 10 ስለሆነ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ይሰጣል። እሱ በእውነት ትልቅ ነው፤ ዋጋውም ክብደቱም እንደዚያው።

ክብደቱን ሲያስሉ ቻርጀሩን ይጨምሩ። የጌም ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ከ2.3 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናል፤ ቻርጀሩም ከግማሽ ኪሎ በላይ ሊሆን ይችላል። በታክሲ ተጋፍተው የሚሄዱ ከሆነ ይህ ትከሻ ላይ የሚታወቅ ነገር ነው። ቦርሳዎንም ይለኩ፤ ለ15.6 ኢንች የተሰፋ ቦርሳ 17.3 አይቀበልም።

3. ስክሪኑ ላይ ጊዜ ይውሰዱ

ደንበኛው ስልኩ ላይ ከፍቶ “ቀሚሷ እንዲህ አልነበረም” ሲል ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኤዲተሩ ሳይሆን የስክሪኑ ነው። ርካሽ የጌም ላፕቶፖች ገንዘቡን ካርዱ ላይ አውለው ስክሪኑን ይቆጥቡበታል። በመግለጫው ላይ “45 በመቶ ኤንቲኤስሲ” የሚል ካዩ፣ ያ ማሽን ድረ ገጽና ማኅበራዊ ሚዲያ ከሚጠቀሙበት የኤስአርጂቢ ቀለም ውስጥ ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉን ብቻ ነው የሚያሳየው። ቀዩ ወደ ብርቱካን ይሸሻል፤ የጥለቱ አረንጓዴ ይደበዝዛል፤ እርስዎ ያንን ለማስተካከል ቀለሙን ሲያጎሉ የደንበኛው ስልክ ላይ ከመጠን በላይ ሆኖ ይወጣል። “72 በመቶ ኤንቲኤስሲ” የሚለው በግርድፉ ከሙሉ ኤስአርጂቢ ጋር እኩል ነው። ዝቅተኛው መቀበል ያለብዎት ይህ ነው፤ “100 በመቶ ኤስአርጂቢ” ተብሎም ይጻፋል። ዲሲአይ ፒ3 የሚሸፍን ስክሪን ደግሞ ሰፋ ያለ ቀለም ስላለው ለፊልምና ለአዳዲስ ስልኮች ለሚዘጋጅ ሥራ ይጠቅማል። ሥራዎ ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ከሆነ አዶቤ አርጂቢ ምን ያህል እንደሚሸፍን ይጠይቁ።

ችግሩ በአንድ ስም ሥር ሁለት ሦስት ዓይነት ስክሪን መሸጡ ነው። ቪክተስ፣ ቲዩኤፍ፣ ናይትሮ ወይም ካታና ማለት ብቻውን ስለ ስክሪኑ ምንም አይነግርዎትም። ማሽኑን ገልብጠው ከታች ያለውን ሙሉ የሞዴል ቁጥር ፎቶ ያንሱና በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ይፈልጉት። ሻጩ “ይሄ ሁሉ አንድ ነው” ካለዎት ያመስግኑትና መፈለግዎን ይቀጥሉ።

ብርሃኑ የሚለካው በኒት ነው። 250 ኒት ለጨለማ ክፍል ነው፤ 300 ለቢሮ ይሆናል፤ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር ለሚሠራ 400 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ጥራቱን በተመለከተ፣ 16 ኢንች ላይ 2560 በ1600 መካከለኛውና ጥሩው ምርጫ ነው። 4ኬ ስክሪን ቢያምርም ባትሪ ይበላል፤ ጌም ላይም ካርዱን ያስጨንቃል። ማደሻው 120 ወይም 144 ኸርዝ ከሆነ በቂ ነው፤ 240 ኸርዝ የሚጠቅመው በተኩስ ጌም ለሚወዳደር ሰው ነው።

ኦሌድ ወይስ አይፒኤስ? ኦሌድ ጥቁሩን ፍጹም ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ ቀለሙም ብዙውን ጊዜ ሙሉ ፒ3 ነው፤ ለቀለም ሥራ ደስ ይላል። ሁለት ነገር ግን ይወቁ። የፕሪሚየር ወይም የዳቪንቺ መስኮት ቀኑን ሙሉ ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ምስል ስለሆነ በዓመታት ውስጥ ጥላ ሊተው ይችላል፤ ስለዚህ የታችኛውን መስመር እንዲደበቅ ያድርጉ፣ ስክሪኑም ሥራ ሲያቆሙ ቶሎ እንዲጠፋ ያዙት። ሁለተኛው፣ ብዙ ኦሌዶች ብርሃናቸውን የሚቀንሱት በፍጥነት በመብራትና በመጥፋት ነው፤ አንዳንድ ሰው ዓይኑን ወይም ራሱን ያመዋል። ሱቅ ውስጥ ብርሃኑን ዝቅ አድርገው በስልክዎ ካሜራ በዝግታ ቪዲዮ ቢያዩት ጥቁር መስመሮች ሲሄዱ ይታያሉ።

ለሙከራ የራስዎን ፎቶ በፍላሽ ይዘው ይሂዱ። የምመርጠው ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከነጥለቱ፣ አጠገቡ የሰው ፊት ያለበት ነው። ነጩ ላይ የሽመናው መስመር ይታያል? ፊቱ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ አዘንብሏል? ያንኑ ፎቶ በጥሩ ማተሚያ ያሳተሙት ካለዎት አጠገቡ ያስቀምጡት። ከዚያ ጭንቅላትዎን ወደ ግራና ቀኝ አዘንብለው ቀለሙ ይለወጥ እንደሆነ ይዩ። ከተለወጠ፣ ቲኤን የሚባለው የቆየ ዓይነት ስክሪን ሊሆን ስለሚችል ይተዉት።

4. ግራፊክስ ካርዱን በዋት ይጠይቁ

“አርቲኤክስ 4060” የሚለው ስም አንድ ነገር አይደለም። ኤንቪዲያ ይህን የላፕቶፕ ካርድ ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው መካከል አምራቹ እንዲመርጥ ፈቅዷል። ስሙ አንድ፣ ሜሞሪው አንድ ሆኖ ሳለ በቀጭን ማሽን ውስጥ ያለው ዝቅተኛ ዋት ያለው ካርድ፣ በወፍራም ማሽን ውስጥ ካለው 4050 ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ከ100 ዋት በላይ ሲሆን ግን ጥቅሙ እየጠበበ ስለሚሄድ ከፍተኛውን ቁጥር ማሳደድ አያስፈልግም። ለማወቅ የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነልን ይክፈቱና ከታች በግራ በኩል ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ይጫኑ፤ ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል በዋት ተጽፏል።

ቀጥሎ ሜሞሪው ነው። 4050 ባለ 6 ጂቢ ነው። 4060 እና 4070 ሁለቱም 8 ጂቢ ናቸው። ከአዲሶቹ 5050፣ 5060 እና 5070 ሦስቱም 8 ጂቢ ሲሆኑ 12 ጂቢ የሚጀምረው ከ5070 ቲአይ ነው። ይህን ያየ ሰው ከ4060 ወደ 4070 ለመውጣት የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ፍጥነት እንጂ ሜሞሪ እንደማይጨምርለት ይገባዋል። በእኔ ግምት ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ልኩ 4060 ወይም 5060 ነው። ኤችዲ ለሚያቀናብርና ለሚነድፍ 4050 አያሳፍርም። ብሌንደር ላይ ከባድ ትዕይንት የሚሠራ ብቻ ወደ 12 ጂቢ ይውጣ።

አንዳንድ ሻጭ “ጠቅላላ ግራፊክስ 16 ጂቢ” ይላል። ይህ የካርዱን ሜሞሪና ዊንዶውስ ከራም ላይ ሊበደር የሚችለውን ደምሮ ነው። ታስክ ማናጀር ውስጥ ፐርፎርማንስ በሚለው ሥር “ዴዲኬትድ” እና “ሼርድ” ተለያይተው ይታያሉ፤ ለእርስዎ የሚቆጠረው ዴዲኬትድ የሚለው ነው።

ጌሙስ? ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ፣ ጂቲኤ 5፣ ካውንተር ስትራይክ 2 በሙሉ ኤችዲ 4050 ላይ በደንብ ይሄዳሉ። ካርድ ሳይኖረው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራዲዮን 780ኤም ያለው ማሽን እንኳ ዝቅ ባለ ቅንብር ኳስ ያጫውታል። ስለዚህ ለመጠነኛ ጌም ብለው ካርዱን አያሳድጉ፤ ካርዱን የሚወስነው ሥራዎ ነው፤ ጌሙ ከሥራው የተረፈውን ይጠቀማል። ማሽኑን ከገዙ በኋላ ግን ከኤንቪዲያ የጌም ድራይቨር ይልቅ ስቱዲዮ ድራይቨር የሚባለውን ይጫኑ። ነፃ ነው፤ ጌምም ያጫውታል፤ የተፈተሸው ግን በኤዲቲንግ ፕሮግራሞች ነው።

5. ሙቀትና የአዲስ አበባ ከፍታ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው፤ ክንፉ በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያልፈው አየር ስስ ስለሆነ ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ከውጭ አገር ዩቲዩበሮች የሚያዩት የፍጥነት ውጤት ቦሌ ወይም ደብረ ብርሃን ላይ ሲደገም ዝቅ ሊል የሚችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአገራችን ደጋ ቀዝቃዛ መሆኑ ጥቂቱን ይክሳል፤ ድሬዳዋና ሰመራ ደግሞ ከፍታው ዝቅ ብሎ ሙቀቱ ይጨምራል። አይደንግጡ፣ ብዙ አምራቾች ማሽናቸው እስከ 3,048 ሜትር ድረስ እንዲሠራ አድርገው ነው የሚያወጡት። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ በዚህ ከተማ ቀጭን የጌም ላፕቶፕ መግዛት ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስከፍላል። ሁለት ማሽኖች ካርዳቸው አንድ ከሆነ ወፈር ያለውን፣ ከኋላም ከጎንም የአየር መውጫ ያለውን ይምረጡ።

ሲሠሩ ከኋላ ከፍ ያድርጉት፤ አልጋና ሶፋ ላይ አያስቀምጡት። ግንባታ በማያልቅበት ሰፈር አቧራው ፋኑን ቶሎ ይደፍነዋል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚያውቅ ባለሙያ ከፍቶ እንዲያጸዳው ይስጡት።

6. ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ኤስኤስዲ

እዚህ ፈጠን እንበል። የኢንቴል ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለው ፊደል ከ“አይ 7” የበለጠ ይናገራል፤ ዩ የቢሮ ነው፣ ኤች ለእኛ ይሆናል፣ ኤችኤክስ ጉልበተኛና ባትሪ በላ ነው። የራይዘን 7000 ተከታታይ ላይ ሦስተኛውን አሃዝ ይዩ። 7735ኤችኤስ ላይ ያለው 3 የቆየ ንድፍ ነው፤ 7840ኤችኤስ ላይ ያለው 4 አዲሱ ነው። ስማቸው ተቀራርቦ አንዱ የሌላው አያት ነው።

ራም 16 ጂቢ መነሻ፣ 32 ጂቢ ምቹ ነው። አዶቤም ለ4ኬ ቪዲዮ 32 ጂቢ ይመክራል፤ ዳቪንቺ ላይ ፊውዥን ለሚጠቀምም ልኩ ይኸው ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው ግን የተበየደ መሆን አለመሆኑ ነው። መግለጫው ላይ “ኤልፒዲዲአር” የሚል ካለ ራሙ ቦርዱ ላይ ስለተበየደ አይጨመርም፤ እንዲህ ያለውን ከመጀመሪያው 32 አድርገው ይግዙ። “ሶዲም” ካለ ቦታው ሁለት መሆኑን ይጠይቁ። ከአንድ 16 ሁለት 8 ይፈጥናል፤ ኋላ ወደ 32 ለመድረስ ግን አንዱ 16 ይሻላል፤ አጠገቡ ሌላ 16 መሰካት ብቻ ነው።

ኤስኤስዲው 1 ቴራባይት ቢሆን፣ ሁለተኛ የኤም.2 ቦታም ቢኖር ጥሩ ነው። አንድ ሰርግ በሁለት ካሜራ ሲቀረጽ 512ቱን ምን ያህል እንደሚበላው እርስዎ ያውቁታል። የኤስዲ ካርድ ማስገቢያም ይፈልጉ፤ ብዙ የጌም ላፕቶፖች የላቸውም። በውጭ ሪደር መሥራት ይቻላል፤ ግን ሪደሩ የሚጠፋው ሁልጊዜ በችኮላ ቀን ነው።

7. መብራት

ትልቅ ላፕቶፕ ባትሪ ላይ ሲሆን ካርዱ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሬንደር ላይም ባትሪው ብዙ አይቆይም። መብራት ሲሄድ ሥራዎ አይጠፋም፤ ነገር ግን በባትሪ እጨርሳለሁ ብለው አያቅዱ። ኢንቨርተር ወይም ፓወር ስቴሽን ካለዎት ዋቱን ከቻርጀሩ ጋር ያነጻጽሩ። የእነዚህ ማሽኖች ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 240 ዋት ይደርሳል፤ በመኪና የሚሰካ 150 ዋት ኢንቨርተር አያነሳውም። በዩኤስቢ ሲ በ100 ዋት ቻርጅ የሚደረግ ማሽን ካገኙ ለቀላል ኤዲቲንግ ትንሹን ቻርጀር ይዘው መውጣት ይችላሉ፤ ለጌም ግን አይበቃም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ ቻርጀር ያቃጥላል፤ ጥሩ ስታቢላይዘር ከሁለተኛ ቻርጀር ይረክሳል። ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ሲሆን ደግሞ ብዙ ሰው መቀየሪያ ሶኬት ይደራርባል። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ ግድግዳው ላይ የሚሰካውን ገመድ ብቻ ቀይረው በክብ ጥርስ ገመድ ይተኩት፤ ሲሞቅ የሚላላ መቀየሪያ ከመሰካት ይድናሉ።

8. ማክ ይሻል ይሆን?

ቪዲዮ እንጀራዎ ከሆነና ጌሙ በወር አንዴ ከሆነ፣ አዎ። ባለ 16 ኢንቹ ማክቡክ ፕሮ ባትሪ ላይ ሆኖም ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ድምፁም ዝቅ ያለ ነው። ከ2021 ጀምሮ ያሉት ኤም 1 ፕሮዎች ዛሬም በስላይትሊ ዩዝድ ጥሩ ግዢ ናቸው። ራሙም ኤስኤስዲውም ግን አይጨመርም። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲና ቫሎራንት በማክ አይወጡም፤ ካውንተር ስትራይክ 2ም ማክን ትቷል። ማታ ማታ ኳስ ለሚጫወት ሰው ይህ ክርክሩን ይዘጋዋል።

9. ከየት ይገዛል?

አዲስ ሲሆን፣ ዋጋ ሲያነጻጽሩ በዶላር ቆጥረው ያነጻጽሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ጓደኛዎ ባለፈው ዓመት የገዛበት የብር ዋጋ ለዛሬ መለኪያ አይሆንም። በእኔ ዓይን ጥሩ ሚዛን ያላቸው ሌኖቮ ሌጅን 5 እና ሌጅን ፕሮ 5፣ ኤችፒ ኦመን 16፣ አሱስ አርኦጂ ስትሪክስ ጂ16 ናቸው። ቀለም ለሚያስቀድምና ክብደት ለሚፈራ አሱስ ፕሮአርት ፒ16 አለ፤ 4ኬ ኦሌድ ሆኖ 1.85 ኪሎ ነው፤ ራሙ ግን የተበየደ ነው።

ዘመድ ከውጭ የሚያመጣልዎት ከሆነ የሞዴል ቁጥሩን ሙሉውን ይላኩለት፤ “ሌጅን ግዛልኝ” ብቻ አይበሉ። ከዱባይ የሚመጣው ኪቦርዱ ላይ የዓረብኛ ፊደል ሊኖር ይችላል፤ አይጎዳም፣ ግን ይጠይቁ። ዋስትናው ከተገዛበት አገር ውጭ መሥራቱንም ከመከፈሉ በፊት ያረጋግጡ። ባትሪው ከ100 ዋት አወር በታች ስለሚሆን በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ትርፍ ባትሪ ካለ በእጅ ብቻ ነው የሚያዘው።

ያገለገለ ሲሆን ብዙ የሚገኙት ዴል ፕሪሲዥን፣ ኤችፒ ዜድቡክና ቲንክፓድ ፒ ናቸው። ጠንካሮች ናቸው፤ ብዙዎቹም ጥሩ ስክሪን አላቸው። ውስጣቸው ያለው ኳድሮ ቲ1000 ወይም ቲ2000 ባለ 4 ጂቢ ካርድ ግን ለዲዛይንና ለኤችዲ እንጂ ለከባድ 4ኬ አይሆንም። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን አይግዙ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም። ብዙዎቹ ከድርጅት የወጡ ስለሆኑ ከፍተው ወደ ባዮስ ይግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይመልሱት። ማክ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ እንደ አዲስ ሲከፈት ይዩ። “ሪሞት ማኔጅመንት” የሚል ገጽ ከመጣ ወይም የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ንብረቱ ገና የሌላ ነው።

10. ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ፍላሽዎ ላይ አስቀድመው ሦስት ነገር ይጫኑ፤ ኤችደብሊው ኢንፎ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እና የራስዎን አጭር የኤዲቲንግ ፕሮጀክት። የመጀመሪያው የባትሪውን ድካም በመቶኛ፣ የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ሙቀትም ያሳያል። ሁለተኛው ኤስኤስዲው ስንት ሰዓት እንደበራና ስንት እንደተጻፈበት ይነግርዎታል፤ “ብራንድ ኒው” ተብሎ ብዙ መቶ ሰዓት ካሳየ ወሬው አልቋል።

ከዚያ ቻርጀሩን ሰክተው ፕሮጀክትዎን ኤክስፖርት ያድርጉና 20 ደቂቃ ያህል ያሠሩት። የሚያዩት ሙቀቱን ብቻ አይደለም። ፕሮሰሰር ለአፍታ 95 ዲግሪ መንካቱ የተለመደ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱ ቁልቁል ወርዶ የሚቀር ከሆነ ግን ማቀዝቀዣው አልቻለም። መዳፍዎን ኪቦርዱ ላይ ያሳርፉ፤ ጣትዎ የሚያርፍበት ቦታ ካቃጠለ በየቀኑ ያቃጥላል። ጌም ካላቸው አንድ ግማሽ ኳስ ይጫወቱ። ሻጩ ቢቸኩል አይቸኩሉ፤ ይህን ሁሉ የማይፈቅድ ሱቅ ኋላም ማሽኑን መልሶ አይቀበልዎትም። የመመለሻ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።

ቤት ከገባ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ሳምንት ለሙከራ ይስጡት። በዚያ ሳምንት ለደንበኛ ሥራ አይቀበሉበት፤ የድሮ ፕሮጀክት ይድገሙበት፣ ረጅም ሬንደር ያሠሩት፣ ሁሉንም ሶኬት ይሞክሩ። ስክሪኑን በሙሉ ጥቁር፣ ከዚያ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገው የሞተ ነጥብ ይፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ የሚውል ከሆነ በአምራቹ ፕሮግራም ባትሪው 80 በመቶ ላይ እንዲቆም ያድርጉ፤ ሌኖቮ፣ አሱስና ኤችፒ ሁሉም ይህን ቅንብር አላቸው። ካርቶኑንና ስፖንጁን የመመለሻው ጊዜ እስኪያልፍ አይጣሉ፤ ራም ለመጨመር ካሰቡም ዋስትናው በመክፈት የማይሰረዝ መሆኑን ጠይቀው ያስከፍቱት።